ከስልኩ እስከ ቡናው፦ በወሎ የምርጫ ቅስቀሳን በማኅበራዊ ሚዲያ ለመምራት የአሠራር መመሪያ

ይህ መመሪያ በወሎ ለሚወዳደር ዕጩ የማኅበራዊ ሚዲያውን ሥራ ለተረከበ ሰው የተዘጋጀ ነው። ዕጩው የየትኛውም ፓርቲ አባል ወይም የግል ተወዳዳሪ ቢሆን አሠራሩ አይለወጥም። ሥራውን የሚረከበው አብዛኛውን ጊዜ የዕጩው የእህት ልጅ ወይም በቅርቡ ከዩኒቨርሲቲ የወጣ ወጣት ነው። «አንተ መቼም ስልክ ታውቃለህ» ይባልና የይለፍ ቃሉ እጁ ላይ ይወድቃል። ምን እንደሚጻፍ፣ ለማን እንደሚጻፍ፣ ነገር ሲበላሽ ማን እንደሚመልስ ግን የሚነግረው የለም።

አንድ ነገር አስቀድሞ መያዝ ይገባል። በወሎ የቅስቀሳ መልእክት ሥራውን ሠራ የሚባለው ከስልክ ሲወጣ ነው። ልጅ በስልኩ ያየውን ለእናቱ ይነግራል፤ እናት ቡና ሲፈላ ለጎረቤት ታነሳዋለች፤ አቦሉ ላይ የተነሳው ጉዳይ በረካው ሲደርስ ተበጥሮና ተመርምሮ «ይህ ሰው ይሁን» ወይም «ይቅርብን» ይባልበታል። በዚያ ቡና ዙሪያ ከተቀመጡት አብዛኞቹ ገጹን አላዩትም፤ አያዩትምም። ድምፅ ግን ይሰጣሉ። ከዚህ በታች ያሉት እርምጃዎች በሙሉ መልእክቱ ይህን መንገድ ሳይዛባ እንዲጓዝ ለማድረግ ናቸው።

1. መራጩ የት እንዳለ ይወቁ

በአገራችን ሕግ ለመምረጥ 18 ዓመት መሙላት፣ በምርጫ ክልሉ ቢያንስ ስድስት ወር መኖርና በመራጭነት መመዝገብ ያስፈልጋል። ዋሽንግተን ሆኖ «በርታልን» የሚለው ወንድማችንና ጂዳ ሆና የልብ ምልክት የምትልከው እህታችን በተሁለደሬ ምርጫ ጣቢያ ድምፅ የላቸውም። ገጹን ከፍተው ሲያዩት ግን ድምፃቸው ከሁሉም ጎልቶ የሚሰማው የእነርሱ ነው፤ ዋይፋይ አላቸው፣ ጊዜ አላቸው፣ አገራቸው ናፍቋቸዋል። ብዙ ዕጩ የሚሳሳተው እዚህ ላይ ነው። ላጨበጨበለት ሰው መናገር ይጀምርና ንግግሩ ቀስ በቀስ ስለ አገር ትልልቅ ጉዳዮችና ስለ ተቀናቃኝ ስድብ ብቻ ይሆናል። ተንታ ላይ ያለው ገበሬ የሚጠብቀው ስለ ማዳበሪያና ስለ መንገድ የሚናገር ሰው ነበር።

ስለዚህ ገጽ ከመክፈትዎ በፊት ደብተር ይክፈቱ። የምርጫ ክልሉን ቀበሌዎች አንድ በአንድ በሠንጠረዥ ይጻፉና በእያንዳንዱ ፊት ለፊት የሚከተሉትን ይሙሉ፦ የሞባይል ዳታ ይሠራል ወይስ ድምፅ ብቻ፤ ሰው የሚነጋገርበት ቋንቋ፤ የገበያ ቀኑ፤ ሰው የሚሰበሰብበት ቦታ፤ መልእክት ሲደርሰው ለሌላው የሚያደርስ አንድ የታመነ ሰው። ደሴ ውስጥ ፒያሳና አራዳ ያለው መራጭ በስልኩ ቪዲዮ ያያል። ከከተማው ወጥተው ወደ ኩታበር ወይም ወደ ወረኢሉ ገጠር ሲገቡ ሠንጠረዡ ይቀየራል። ባቲ ላይ የሰኞ ገበያ አማርኛ፣ ኦሮምኛና አፋርኛ የሚነገርበት ነው፤ በአንድ ቋንቋ ብቻ የተዘጋጀ መልእክት ግማሹን ገበያ ሳይነካ ያልፋል።

የውጭዎቹን ወገኖቻችንንም አይናቋቸው። በወሎ ከዐረብ አገር በሚላክ ገንዘብ የቆመ ቤት ብዙ ነው። ልጅቱ ዓርብ ማታ በኢሞ ደውላ «እማዬ፣ እኚህን ሰውዬ ሰምተሻቸዋል?» ስትል ቃሏ ክብደት አለው። ከእርሷ ተከታይነትን ሳይሆን ለእናቷ ልትልክላት የምትችለውን አጭር ድምፅ ያስቡ። ይህ ወደ አምስተኛው እርምጃ ይወስደናል፤ ከዚያ በፊት ግን የምንጠቀምበትን የማኅበራዊ ሚዲያ መድረክ እንምረጥ።

2. መድረኮችን ይቀንሱ

ሁሉም ቦታ ለመገኘት የሚሞክር ቡድን የትም አይገኝም። ሁለት ሰው ላለው ቡድን ሁለት መድረክ ይበቃል፤ ሦስተኛው ካስፈለገ የሚሠራው ሰው ሲገኝ ይጨመር።

ቴሌግራም በወሎ ሁኔታ የመጀመሪያው ምርጫ ነው። ቻናል ላይ እርስዎ ብቻ ይናገራሉ፤ ጽሑፍ፣ ድምፅና ሰነድ ይላካል፤ ደካማ በሆነ ኔትወርክም መልእክቱ ይደርሳል፤ ወደ ሌላ ሰው ለማስተላለፍም ቀላል ነው። ግሩፕ ግን ሌላ ነገር ነው። እስከ 200,000 ሰው መያዝ ይችላል፤ ሌሊቱን ሙሉ የሚጠብቀው ሰው ከሌለ ግን ጠዋት ሲነሱ በዕጩው ስም የተሰደበ ብሔር ወይም ሃይማኖት ያገኛሉ። የሚጠብቅ ሰው ከሌለዎት ግሩፕ አይክፈቱ።

ፌስቡክ የመንግሥት ሠራተኛው፣ መምህሩና ነጋዴው ያለበት ነው፤ ጋዜጠኞችም የሚጠቅሱት እርሱን ነው። ሲጠቀሙበት ግን ባሕርዩን ይወቁ። እ.ኤ.አ. በ2021 ይፋ የወጡ የኩባንያው የውስጥ ሰነዶች እንዳሳዩት፣ ከ2017 ጀምሮ ለተወሰነ ጊዜ የቁጣ ምልክትን ጨምሮ ስሜት ገላጭ ምልክቶች ከአንድ ላይክ አምስት እጥፍ ይመዘኑ ነበር። ሰውን የሚያስቆጣ ጽሑፍ የበለጠ ይሰራጫል ማለት ነው። ቀመሩ ከዚያ ወዲህ ቢለወጥም ፈተናው አልጠፋም፤ ስድብ የጻፉ ዕለት ቁጥሩ ያድጋል፣ ስለ ውሃ ቧንቧ የጻፉ ዕለት ይወርዳል። ቁጥሩን ተከትለው ከሄዱ በሁለት ወር ውስጥ ዕጩዎን ተሳዳቢ ያደርጉታል።

ቲክቶክ ወጣቱ ዘንድ ይደርሳል። የተከፈለበት የፖለቲካ ማስታወቂያ አይቀበልም፤ የፖለቲከኞችና የፓርቲዎች መለያዎችም በቀጥታ ሥርጭት ስጦታ እንዲሰበስቡ አይፈቅድም። ዕጩውን ለማስጨፈር ከሆነ ይቅር። የወረዳውን ችግር ቦታው ላይ ቆሞ በአንድ ደቂቃ ለማሳየት ከሆነ ጥሩ ነው።

3. መለያዎቹን በሥርዓት ይክፈቱ

ገጹን በዕጩው የግል ስልክ ወይም በእርስዎ የግል ሲም ካርድ አይክፈቱ። ለቅስቀሳው ብቻ የሚውል ሲም ይውጣ፤ ሲሙ በማን ስም እንደወጣና የት እንደሚቀመጥ በጽሑፍ ይያዝ። ባለ ሁለት ደረጃ ማረጋገጫን ያብሩ። በእያንዳንዱ ገጽ ላይ ቢያንስ ሁለት ሰው ሙሉ ሥልጣን ይኑረው፤ አንዱ ተቀይሞ ወይም ታሞ ሲቀር ገጹ አብሮት እንዳይሄድ። የገጹን ትክክለኛ ስም በታተመው በራሪ ወረቀት ላይ ያስፍሩ፤ በኋላ በዕጩው ስም የሐሰት ገጽ ሲከፈት ሰው የሚያመሳክርበት ወረቀት በእጁ ይኖረዋል።

4. መልእክቱን ለአፍ እንዲመች አድርገው ይጻፉ

ሦስት ጉዳይ ይምረጡ፤ ከሦስት አይበልጡ። ጉዳዮቹ ከሠንጠረዡ የሚወጡ ይሁኑ። ኮምቦልቻ ከሆነ የኢንዱስትሪ ፓርኩ ሥራና የቤት ኪራይ፣ ሰሜን ወሎ ከሆነ በጦርነቱ የተጎዱ ትምህርት ቤቶችና ጤና ጣቢያዎች፣ በደጋው ወረዳ ከሆነ የበልግ እርሻ ሊሆኑ ይችላሉ።

ከዚያ አጻጻፉን እንይ። አንድ ገጽ ላይ እንዲህ ተብሎ ተጻፈ እንበል፦

«የሕዝባችንን የዘመናት የልማት ጥያቄ በቁርጠኝነት በመመለስ ሁለንተናዊ ብልጽግናን እናረጋግጣለን!»

ይህን ለጎረቤት በቃል ይናገሩት። አይነገርም፤ የሚይዝ እጀታ የለውም። አሁን ይህን ይመልከቱ፦

«እኛ ዘንድ በልግ የሚዘራው በየካቲት ነው። ማዳበሪያው በመኸሩ ቀጠሮ ሲመጣ ምን እናደርገዋለን? ብመረጥ ለግብርና ሚኒስትሩ የማቀርበው የመጀመሪያ ጥያቄ ይህ ነው። የሚሰጡኝን መልስ፣ ጥሩም ይሁን መጥፎ፣ መጥቼ ገበያው ላይ እነግራችኋለሁ።»

ሁለተኛው አሥር ጊዜ ከአፍ ወደ አፍ ቢሄድ እንኳ ፍሬው አይጠፋም፤ «በልግ የሚዘራው በየካቲት ነው» የሚለው ብቻ ቢቀር ይበቃል። ደግሞም ዕጩው ሥልጣኑ የማይፈቅድለትን አልተናገረም። የሕዝብ ተወካዮች ምክር ቤት አባል ሕግ ያወጣል፣ ይጠይቃል፣ ይከታተላል፤ አስፋልት አያነጥፍም። «መንገዱን እሠራለሁ» የሚል ዕጩ አምስት ዓመት ሙሉ የሚከተለው ስክሪንሾት ትቶ ይሄዳል።

መልእክቱ ከመለጠፉ በፊት አንድ ፈተና ይለፍ። ስልክ ለማትጠቀም እናት ወይም አክስት አንድ ጊዜ ያንብቡላት። ቡናው እስኪፈላ ሌላ ሌላውን ያጫውቷትና «ቅድም ያነበብኩልሽ ምን ነበር?» ብለው ይጠይቋት። የምትመልሰው ነገር ትክክለኛው መልእክት እርሱ ነው፤ ጽሑፉን በእርሷ ቃል እንደገና ይጻፉት። ምንም ካላስታወሰች አይለጥፉት።

አነጋገሩም የወሎ ይሁን። በዕድሜ የሚበልጥን ተቀናቃኝ «አንተ» ማለት አድናቂውን ቢያስቅም ሸምገል ያለውን መራጭ ያሸሻል። «አቶ እገሌ በዚህ ጉዳይ የተናገሩትን ሰምቻለሁ፤ አልስማማም፤ ምክንያቴ ይህ ነው» ማለት ይበቃል።

5. ድምፅ ይቅረጹ

በዚህ ሥራ ከቪዲዮ ይልቅ ድምፅ ያዋጣል የሚል ጽኑ እምነት አለኝ። ምክንያቱ በከፊል ሒሳብ ነው። በሰከንድ 32 ኪሎቢት የተቀረጸ የ90 ሰከንድ ድምፅ 360 ኪሎባይት ገደማ ይወስዳል። ያው ርዝመት ያለው ቪዲዮ፣ በሰከንድ 1 ሜጋቢት ቢሆን እንኳ፣ ከ11 ሜጋባይት ያልፋል። አነስተኛ የዳታ ጥቅል የገዛ ሰው የትኛውን እንደሚከፍት መገመት አያዳግትም። ሌላው ምክንያት ደግሞ ወሎ በጆሮው የሚኖር አገር መሆኑ ነው። ትዝታን፣ ባቲን፣ አምባሰልን፣ አንቺ ሆዬን ያሳደገ፣ በመንዙማ ያደረ ሕዝብ የድምፅን እውነትና ሐሰት ይለያል።

አቀራረጹ ቀላል ነው። ምንጣፍና መጋረጃ ያለበት፣ ከመንገድ የራቀ ክፍል ይምረጡ፤ ባዶ ክፍል ያስተጋባል። ስልኩን ከአፍ አንድ ስንዝር አርቀው ወደ ጎን ዘንበል አድርገው ያስቀምጡ፤ ፊት ለፊት ከሆነ ትንፋሹ ይሰማል። ዕጩው ከወረቀት አያንብብ፤ ሦስት ነጥብ በቁራጭ ወረቀት ይያዝና ለአንድ ሰው እንደሚያወራ ያውራ። መጀመሪያ ሰላምታ፣ ወዲያው ስምና የሚወዳደርበት ምርጫ ክልል፣ ከዚያ አንድ ጉዳይ ብቻ። ድምፁ ያለ ገጹ ስለሚጓዝ ስሙና ምርጫ ክልሉ ውስጡ ከሌለ አድማጩ ማን እንደተናገረ አያውቅም። ቀኑንም ያስነግሩ፤ የወር ዕድሜ ያለው ድምፅ እንደ ትናንት ተደርጎ እንዳይዞር ይረዳል።

ለባቲና ለከሚሴ ወገን በኦሮምኛ ይቀረጽ። ዕጩው ቋንቋውን ካልቻለ በተሰበረ ቋንቋ ከሚታገል ሰላምታውን ራሱ ያቅርብና ቀሪውን የሚችል ሰው ይናገርለት፤ ማን እየተናገረ እንደሆነም ይገለጽ።

መንዙማ ወይም መዝሙር ከሥር አያስገቡ። አንዱን ቢያስገቡ ሌላው ይቀየማል፤ ሁለቱን ቢያስገቡ ሁለቱም ይታዘቡዎታል።

6. ሰዓቱን ከኑሮው ጋር ያስማሙ

የኢንተርኔት መጻሕፍት የሚነግሩዎት «ምርጥ የመለጠፊያ ሰዓት» የሌላ አገር ነው። እዚህ የሚሠራው የገበያ ዋዜማ ነው። ለባቲ እሑድ ማታ የተለቀቀ ድምፅ ሰኞ ገበያው ላይ ይወራል። ዓርብ ከጁምዓ ሰዓት፣ እሑድ ከቅዳሴ ሰዓት ይታቀቡ። በረመዳን ወር ከኢፍጣር በፊት ባለው ሰዓት ማንም ረጅም ነገር አይሰማም፤ በዐቢይ ጾም ደግሞ የድግስ ፎቶግራፍ አይለጠፍም። ዕጩው በሰው ሐዘን ቤት የተነሳው ፎቶግራፍ ጨርሶ አይለጠፍ። ልቅሶ የደረሰው ለሐዘንተኛው እንጂ ለካሜራ አለመሆኑን ሰው ይመለከታል።

7. ለአስተያየቶች መልስ ይስጡ

በቀን ሁለት ጊዜ፣ ጠዋትና ማታ፣ አንድ ሰው ተቀምጦ ይመልስ። ጥያቄ የጠየቀ መልስ ያግኝ፤ የሚያውቁት ካልሆነ «ጠይቀን እንመለሳለን» ይባልና በደብተር ይመዝገብ፣ ከዚያም በእርግጥ ይመለሱ። ትችትን አያጥፉ። በብሔር፣ በሃይማኖት ወይም በአካል ጉዳት ሰውን የሚያዋርድ ጽሑፍን ግን ያጥፉ፤ ከማጥፋትዎ በፊት ቅጂውን ያስቀምጡ። ፌስቡክ የተመረጡ ቃላትን የያዘ አስተያየት ራሱ እንዲደብቅ ማዘዝ ይቻላል፤ በአማርኛ ፊደል የሚጻፉትን ስድቦችና በላቲን ፊደል የሚጻፉባቸውን መንገዶች ዘርዝረው ያስገቡ።

ዕጩዋ ሴት ከሆነች ይህ ዝርዝር ከመጀመሪያው ቀን በፊት ተዘጋጅቶ ይጠብቅ። የሚመጣባት ስድብ ከፖሊሲዋ ጋር አይገናኝም፤ ስለ ትዳሯና ስለ አለባበሷ ይሆናል፣ ፎቶግራፏም ሊቀነባበር ይችላል። አስተያየቶቹን እርሷ ራሷ እንዳታነብ ሌላ ሰው ይመደብ።

8. የሐሰት ወሬ ሲነሳ

ይህን ክፍል ቡድኑ በሙሉ አብሮ ያንብበው፤ ወሬው ከመጣ በኋላ የሚነበብ ነገር አይደለም። ከአፍ ከወጣ አፋፍ እንዲሉ፣ የመጀመሪያዎቹ ሁለትና ሦስት ሰዓታት ወሳኝ ናቸው።

አንድ ምሳሌ ይዘን እንሂድ። እሑድ ከምሽቱ 2 ሰዓት ላይ የደብዳቤ ፎቶግራፍ በቴሌግራም ይዞራል፤ ዕጩው ራሳቸውን ከውድድር እንዳገለሉ ይገልጻል። ማኅተም አለው። ስልክዎ ይጮሃል።

መጀመሪያ ቅጂ ያስቀምጡ፦ ደብዳቤውን፣ የተለጠፈበትን ገጽ ስምና አድራሻ፣ ቀኑንና ሰዓቱን። ይህ ካልተደረገ በኋላ ለምርጫ ቦርድ ወይም ለፍርድ ቤት የሚቀርብ ነገር አይኖርም። ቀጥሎ ደብዳቤውን ያጉሉና ይመርምሩ። የወጪ ቁጥርና ቀን አለው? ቀኑ በዓመተ ምሕረት ነው? የቁጥሩ ፊደል ከሌላው ጽሑፍ ጋር አንድ ዓይነት ነው? ማኅተሙ ፊርማው ላይ አርፏል ወይስ ጫፉ ተቆርጦ የተለጠፈ ይመስላል? ፎቶግራፍ ከሆነ በጉግል የምስል ፍለጋ ከዚህ በፊት የት እንደወጣ ይፈልጉ። ከዚያ ለሚመለከተው ሰው ይደውሉ፤ በዚህ ምሳሌ ለራሱ ለዕጩው። ነገሩ ግልጽ ቢመስልም ይደውሉ።

አሁን ይጻፉ። ቅደም ተከተሉ ይህ ነው፤ እውነቱ ይቀድማል፣ ሐሰቱ በአንድ ዓረፍተ ነገር ይጠቀሳል፣ እውነቱ ይደገማል።

«ዕጩአችን በውድድሩ ላይ ናቸው። ዛሬ ማታ ራሳቸውን አግልለዋል የሚል ደብዳቤ እየዞረ ነው፤ ደብዳቤው ሐሰተኛ ነው፣ የወጪ ቁጥርም የለውም። ነገ ጠዋት 3 ሰዓት ገበያው ላይ ይገኛሉ፤ መጥታችሁ ጠይቋቸው።»

የሐሰቱን ደብዳቤ ምስል መልሰው አይለጥፉ። ከለጠፉም ትልቅ «ሐሰት» የሚል ጽሑፍ መሐሉን አቋርጦ ይለፍበት፤ በጥግ ላይ የተጻፈ ምልክት ተቆርጦ ይጣላል። ማስተባበያው ወሬው በሄደበት መንገድ ይሂድ፤ ወሬው በቴሌግራም ከዞረ ፌስቡክ ላይ ማስተባበል ዋጋ የለውም። በሠንጠረዡ ላይ ለጻፏቸው የታመኑ ሰዎች በስልክ ይደወል፤ ያን ዝርዝር ያዘጋጀነው ለዚህች ማታ ነው። ዕጩው ራሱ በ30 ሰከንድ ድምፅ «እኔ እገሌ ነኝ፣ ዛሬ እሑድ ነው፣ አልወጣሁም» ይበል።

ሰው ሠራሽ አስተውሎት የሰውን ድምፅ አስመስሎ መሥራት ከጀመረ ወዲህ ድምፅም ብቻውን ማስረጃ መሆኑ ቀርቷል። ዕጩው ያልተናገረው ነገር በራሱ ድምፅ ቢዞር የተሻለው መከላከያ በአካል መታየት ነው። «ዋናው ድምፅ ሁልጊዜ በዚህ ቻናል ብቻ ይወጣል» የሚለው ልማድ ከመጀመሪያው ሳምንት ጀምሮ ከተለመደ ደግሞ ማመሳከሪያ ይኖራል። ኢትዮጵያ ቼክና ሐቅቼክ የመሰሉ መረጃ አጣሪዎችም ስላሉ ጥቆማ ይላኩላቸው፤ የገለልተኛ ወገን ቃል ከእርስዎ ቃል ይልቅ ይታመናል።

ወሬው ሃይማኖትን የሚነካ ከሆነ አካሄዱ ይለያል። ቤተ ክርስቲያን ወይም መስጊድ ተነካ የሚል ወሬ ሲነሳ፣ ወሬው ለዕጩዎ የሚጠቅም ቢመስልም፣ ቡድኑ አንድ መስመር አይጻፍ። በወሎ ከአንድ ቤት ሙስሊምና ክርስቲያን ይወጣል፤ ያንን የሚያቃጥል ነገር ለማብረድ ሥልጣኑ ያላቸው ሼሆች፣ ቄሶችና የአገር ሽማግሌዎች ናቸው። ይደውሉላቸው፣ ያላችሁን መረጃ ይስጧቸው፣ ቃሉን እነርሱ ይናገሩ። ዕጩው ቢናገር እንኳ ከእነርሱ በኋላና አጭር ይሁን።

ሕጉንም ይወቁ። የጥላቻ ንግግርንና ሐሰተኛ መረጃን ለመከላከልና ለመቆጣጠር የወጣው አዋጅ ቁጥር 1185/2012 ሐሰተኛ መረጃ ማሰራጨትን እስከ አንድ ዓመት እስራት ወይም እስከ 50,000 ብር መቀጮ ያስቀጣል። የተሰራጨው ከ5,000 በላይ ተከታይ ባለው የማኅበራዊ ሚዲያ መለያ ከሆነ እስራቱ እስከ ሦስት ዓመት፣ መቀጮውም እስከ 100,000 ብር ይደርሳል። ስለዚህ ገጹ ባደገ ቁጥር ኃላፊነቱም ያድጋል። የተቀናቃኝን ሐሰተኛ ደብዳቤ «አስቂኝ ነው» ብሎ ሼር ያደረገ የቡድን አባል ዕጩውን ችግር ውስጥ ሊከት ይችላል።

9. ገንዘብና የሰው መረጃ

ተከታይ አይግዙ። የተገዛ ተከታይ አይመርጥም፤ መድረኩም ሲደርስበት ገጹን ይዘጋል። እ.ኤ.አ. በሰኔ 2021፣ ስድስተኛው አገር አቀፍ ምርጫ ሊካሄድ ቀናት ሲቀሩት፣ ፌስቡክ በኢትዮጵያ ውስጥ በተቀናጀ የሐሰት ማንነት ይሠሩ ነበር ያላቸውን 65 መለያዎችና 52 ገጾች ማንሳቱን አስታውቋል። ለፌስቡክ ማስታወቂያ የሚከፍሉ ከሆነ የምርጫና የፖለቲካ ማስታወቂያ ከፋዩ ማንነቱን አረጋግጦ ስሙ እንዲታይ ማድረግ አለበት፤ ማስታወቂያውም ለሰባት ዓመት በኩባንያው የማስታወቂያ ማኅደር ውስጥ ለማንም ክፍት ሆኖ ይቀመጣል። ዛሬ የተነገረው ቃል በሚቀጥለው ምርጫ ይነበባል።

የስልክ ቁጥር ሲሰበስቡ ባለቤቱን ያስፈቅዱ። ካምብሪጅ አናሊቲካ የተባለው የፖለቲካ አማካሪ ድርጅት ቅሌት እ.ኤ.አ. በ2018 ሲፈነዳ እስከ 87 ሚሊዮን የሚደርሱ የፌስቡክ ተጠቃሚዎች መረጃ ያላግባብ ለፖለቲካ ሥራ መዋሉ ታወቀ፤ ፌስቡክ በቀጣዩ ዓመት 5 ቢሊዮን ዶላር ተቀጣ። እኛም ዘንድ የግል መረጃ ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 1321/2016 ወጥቷል። ከዕድር መዝገብ ወይም ከማኅበር ዝርዝር ላይ የተገለበጠ ቁጥር ፈቃድ አይደለም። እድርተኛው ቁጥሩን የሰጠው ለልቅሶ ጥሪ ነው።

10. ኔትወርክ ሲጠፋ

የወሎ የቅስቀሳ ዕቅድ ኢንተርኔት ይኖራል ብሎ መነሳት የለበትም። በ1997 ዓ.ም. ምርጫ አጭር የጽሑፍ መልእክት የቅስቀሳ መሣሪያ ሆኖ ነበር፤ ከምርጫው በኋላ አገልግሎቱ ተቋርጦ ሁለት ዓመት ገደማ ቆየ። በ2015 ዓ.ም. መጨረሻ በአማራ ክልል የተቋረጠው የሞባይል ዳታም ለወራት ዘልቋል።

ስለዚህ እያንዳንዱ ድምፅና ጽሑፍ ሲዘጋጅ ያለ ኢንተርኔት የሚሄድበትም አብሮ ይዘጋጅ። ድምፆቹ በሚሞሪ ካርድ ይቀመጡ። በየከተማው ዘፈንና መንዙማ ሚሞሪ ላይ የሚጭኑ ሱቆች አሉ፤ ባለቤቱ ከፈቀደ የዕጩው ድምፅ ለፈለገ ደንበኛ በነፃ ይጫን። ወጣቶች ዳታ ሳይኖር ፋይል በዜንደርና በብሉቱዝ ይቀባበላሉ። በአንድ ገጽ በራሪ ወረቀት ላይ ሦስቱ ጉዳዮች በትልቅ ፊደል ይታተሙ። ለፓርቲዎች በመገናኛ ብዙኃን የሚደለደለውን ነፃ የአየር ሰዓት አይናቁት፤ ገጠር ሬዲዮ ይሰማል። ከእነዚህ ሁሉ ግን አንደኛው የታመኑት ሰዎች ዝርዝር ነው፤ በድምፅ ጥሪ ብቻ ይሠራልና።

11. የመጨረሻዎቹ ቀናት

ቅስቀሳ የሚቆምበትን ቀን ከምርጫ ቦርድ የጊዜ ሰሌዳ ላይ ያረጋግጡ። ሰኔ 14 ቀን 2013 ዓ.ም. በተካሄደው ምርጫ የጽሞና ጊዜው የጀመረው አራት ቀን ሲቀረው ነበር። በዚያ ጊዜ አዲስ ነገር አይለጠፍም፤ ቀድሞ በሰዓት ተቆልፎ ራሱ እንዲወጣ የታዘዘ ጽሑፍ ካለ ይሰረዝ። ብዙ ቡድን የሚረሳው ይህን ነው። የተከፈለበት ማስታወቂያም እስከ ምርጫው ቀን እንዲቀጥል ተደርጎ ከሆነ ይቋረጥ።

በምርጫው ቀን የድምፅ መስጫ ወረቀት ፎቶግራፍ አይነሳም፣ አይለጠፍም። ቆጠራው ሲያልቅ ውጤቱ በየምርጫ ጣቢያው ይለጠፋል፤ ታዛቢዎቻችሁ ያዩትን ለቡድኑ ይላኩ፣ ለሠንጠረዡም ይመዝገብ፣ ገጹ ላይ ግን «አሸንፈናል» አይባል። የአንድ ምርጫ ጣቢያ ውጤት የምርጫ ክልሉ ውጤት አይደለም፤ ኦፊሴላዊውን የሚያውጀው ቦርዱ ነው። የሚያጠራጥር ነገር ካዩ ቅሬታው በወረቀት፣ በጊዜው ገደብ ውስጥ ለሚመለከተው አካል ይቅረብ።

ውጤቱ ከታወጀ በኋላ ሦስት ሥራ ይቀራል። ዕጩው፣ ቢያሸንፍም ቢሸነፍም፣ በራሱ ድምፅ አንድ የምስጋና መልእክት ይቅረጽ፤ ከተሸነፈ ያሸነፉትን በስማቸው ጠርቶ እንኳን ደስ አለዎት ይበል። በደብተሩ ላይ «ጠይቀን እንመለሳለን» ተብለው የቀሩት ጥያቄዎች ለተመረጠው ሰው በጽሑፍ ይተላለፉ። ለቅስቀሳው የተሰበሰቡት የስልክ ቁጥሮች ደግሞ ከስልኩም፣ ከኮምፒውተሩም፣ ከወረቀቱም ይጥፉ፤ ሲሙ በስሙ ለወጣው ሰው ይመለስ፣ የገጾቹም የይለፍ ቃል በዚያው ዕለት ይቀየር።